የእናቴ ድምፅ በአጎቴ አፍ

አጎቴ ሷሊህ አብዱልጀሊል የመካነ ሰላም ማመልከቻ ጻፊ ነበር። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር፣ በሁለት ድንጋይ ላይ በተጋደመች ሳንቃ ተቀምጦ የመሬት ክርክርና የውርስ አቤቱታ ሲጽፍ ዕድሜውን ጨረሰ። ሰው ግን በዚህ ሥራው አያውቀውም። ሰው የሚያውቀው «ጋዜጣው» በሚል ስም ነው። እስከ ዛሬ አንድ የአገሬ ሽማግሌ መንገድ ላይ አግኝቶ «የማን ልጅ ነሽ?» ቢለኝ፣ የአባቴን ስም ስነግረው ግራ ይገባዋል። «የጋዜጣው የእህት ልጅ» ስለው ነው ፊቱ የሚፈካው። አባቴ በዚህ ነገር ሳይከፋው አልቀረም።

በጃንሆይ ዘመን ጋዜጣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከደሴ እስከ አጅባር በመኪና፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ ነው። መንገዱ ደግ ሲሆን በአሥር ቀን ይገባል፤ ክረምት ከሆነ ወር ይፈጃል። አጎቴ ለዚያ ጋዜጣ ያለ ደመወዝ ወኪል ነበር። በዘጠኝ ዓመት መቶ ያህል ወሬ ልኮ ሦስት ታትሞለታል። አንዱ ስለ በረዶ ነው፤ አንዱ ስለ ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ። ሦስተኛው ሦስት ጥጃ በአንዴ ስለወለደች ላም ነው። ላሟን እኔ አላየኋትም፤ እናቴ ግን አይቻታለሁ ትል ነበር።

በገበያ ቀን ፀሐይ ራስ ላይ ስትወጣ፣ ከጨው ነጋዴዎቹ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ድንጋይ ላይ ይቆምና ለሰው ያነባል። ደረቁን ንባብ ማን ይሰማል? ሰውን የሚሰበስበው ከንባቡ በፊት የሚያደርገው ነገር ነበር። «መጀመሪያ ገበያው ምን ይላል?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በሳምንቱ የተወራውን ሁሉ በተናጋሪዎቹ ድምፅ እየተናገረ ያሰማል። የዳኛውን ድምፅ ያወጣል፣ የመምሬን ያወጣል፣ የገዛ አባቱን የሼህ አብዱልጀሊልን እንኳ አይምርም። ዓይናችሁን ከጨፈናችሁ ሰውየው እዚያው ቆሟል። ከከላላ ድረስ ይህን ለመስማት አህያቸውን አስረው የሚመጡ ነበሩ። ሰው ስቆ ከጠገበ በኋላ «አሁን ደግሞ ጋዜጣው ምን ይላል?» ይልና ወረቀቱን ይዘረጋል። ያን ጊዜ ግማሹ ሰው ወደ ጨውና ወደ ቅቤው ተመልሷል። አጎቴ ይህን አያይም ነበር፤ ወይም አይቶ ችላ ብሎታል።

አያቴ ሼህ አብዱልጀሊል ቁርኣንና ኪታብ የሚያቀሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው እንደ እሳቸው ዓሊም እንዲሆን ተመኝተው ማመልከቻ ጻፊ ሆነባቸው። አንድ ነገር ግን አስተምረውታል፤ እርሱም በጊዜው ይስቅበት ነበር። ደረሳ የሚሉት ተማሪያቸው «እንዲህ ተባለ» ብሎ ከፊታቸው ከቀረበ፣ «ማን ነገረህ? ለእሱስ ማን ነገረው?» እያሉ እስከ ዓይን ምስክሩ ድረስ ያስኬዱታል። መሐል ላይ ከተቋረጠ «ሰንሰለቱ የተበጠሰ ወሬ ይዘህ ደጄ አትምጣ» ብለው ይመልሱታል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

እኔም የአያቴ ልጅ ነኝና የራሴን ሰንሰለት ልንገራችሁ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሲሆን ጀርባ ላይ የታዘልኩ ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው የለም። የነገረችኝ እናቴ ዘይነባ ናት። ያልነገረችኝን ራሱ አጎቴ ነግሮኛል፣ ያውም የራሱን ጥፋት ሳይደብቅ።

በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ በከላላ በኩል ፈንጣጣ ገባ ተባለ። ብዙ ሳይቆይ ምናለ የሚባል ቀጭን ወጣት ከደሴ መጣ። የእጅ ሣጥን ይዟል፤ ሥራው ክትባት ነው። ለአገራችን የተሰጠው ጊዜ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ከዚያ ወደ ማሻ ይሻገራል። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው በሽ በሽ ሆኖ መጣለት። እናቴም የአምስት ዓመት ወንድሜን ጠሃን ወስዳ አስከተበችው። እኔን ግን ገና ጡት አልጣለችም ብላ በነጠላዋ ሸፍና መለሰችኝ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ትክትክ ተነሣ። ትክትክ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልጁን እያከታተለ ሲያስለው ፊቱ ይጠቁራል፣ ትንፋሹን ሲመልስ እንደ ወፍ ይጮኻል፣ የበላውን ያወጣል። የባሰውም ነገር ሳሉ ጠንቶ የታየው የተከተቡት ልጆች ላይ ነው። እናቴ ጠሃን አቅፋ ስታድር ስትውል ቆይታ፣ አንድ ቀን ወደ ወንድሟ ሳንቃ ሄደች። «ወንድምዓለም፣ ልጁ መርፌውን ከተወጋ ወዲህ…» ብላ ስትጀምር፣ አጎቴ ባለጉዳይ ተሰልፎበት ነበርና «እታለም፣ አንቺም የሴት ወሬ ሰማሽ?» ብሎ አቋረጣት። የምትለውን ሳትጨርስ ተመለሰች።

በዚያው ሰሞን ምናለም አጎቴ ዘንድ መጣ። ሦስት መንደር በር እንደዘጉበት፣ በአንዱ ውሻ እንደለቀቁበት ነገረው። «ጋሽ ሷሊህ፣ ሰው የሚሰማው እርስዎን ነው» አለው። ይህን የተባለ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? አጎቴ በሚቀጥለው ገበያ ወሬውን ድራሹን እንደሚያጠፋው ቃል ገባ።

ከወይራው ሥር ቆመና እንደ ልማዱ «ገበያው ምን ይላል?» ብሎ ጀመረ። መርፌ ስለፈራች ሴት ሊያሾፍ ነበር። የሴት ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው የሴት ድምፅ ደግሞ አዝላ ያሳደገችው የእህቱ ነው። ሳያስብበት እሱን አወጣው። «ውይ ወንድምዓለም፣ መርፌው ክንዱ ላይ ገብቶ በደረቱ ወጣ! ሳል ነው የወጉብኝ ልጄን!» እያለ፣ መሐል መሐል ላይ እየሳለ፣ ሆዱን ይዞ እየተንፈራገጠ። ገበያው በሳቅ ተናጋ። ቀጥሎ ጋዜጣውን ዘርግቶ የክትባትን ጥቅም አነበበ፤ ሰው ግን እንባውን እየጠረገ ወደ ግብይቱ ሄዷል።

እናቴ ለጠሃ ሳል ማር ልትገዛ እኔን አዝላ እዚያው ገበያ መጥታ ነበር። ስም አልጠራም፤ ግን አገሩ ትንሽ ነው፣ ድምፁን ሁሉም ያውቀዋል። ሰዉ ዞሮ አያት። ነጠላዋን በፊቷ ላይ ስባ፣ ማሩን ሳትገዛ ሄደች። «ያን ቀን መሬት ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር» ትለኝ ነበር። ይህን ስትነግረኝ ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ጆሮዋ ግን ያን ጊዜም ይቀላ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ምናለ እንደገና መጣ። ነገሩ ብሶበታል። በከላላ መንገድ ባሉ መንደሮች ሰዎች «በጋዜጣ ወጥቷል፣ መርፌው ሳል ያመጣል» እያሉ እንደሚመልሱት ነገረው። አጎቴ ደነገጠ። ጋዜጣውን ደጋግሞ ያነበበው እሱ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። የጎረቤት በቅሎ ለምኖ ተነሣ። በመንገድ ላይ የአባቱ ጥያቄ ትዝ አለው።

መጀመሪያ ያገኛት እንቁ የምትባል ባልቴት ናት፤ የልጅ ልጆቿን ለመርፌ አልሰጥም ብላ በር የዘጋች። ማን እንደነገራት ጠየቃት፤ ንጉሡ የሚባል ጨው ነጋዴ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል ብሎ እንደነገራት መለሰችለት። ንጉሡን ፈልጎ ከላላ ላይ ጭነት ሲያራግፍ አገኘው።

«ከማን ሰማህ?» አለው።

«ከአንተ ከጋዜጣው ነዋ። ከወይራው ሥር ቆመህ አልተናገርክም?»

«እኔኮ እያሾፍኩ ነበር።»

ንጉሡ የጨው አሞሌውን አስቀምጦ ቀና አለ። «አውቃለሁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን አርባ ልጅ ያለበት መንደር ተመልሼ ስገባ ሳቁ እዚያው ገበያ ቀርቷል። ሳሉ ነው አብሮኝ የገባው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አጎቴ የሐሰተኛውን ወሬ ሰንሰለት ይዞ ተራራ ወጥቶ፣ ወንዝ ወርዶ፣ መጨረሻ ላይ ያገኘው የገዛ አፉን ነው። በቅሎዋን እየሳበ በእግሩ ተመለሰ፤ መቀመጥ እንኳ አፍሮ ነበር። የአባቱ ጥያቄ ግን አላለቀም። ለአጎቴስ ማን ነገረው? ያቋረጣት እህቱ ናት። ያየችው እሷ፣ ያልሰማት እሱ።

ቤታችን ሲደርስ እናቴ ጠሃን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ግንባሩን ይዛለት ነበር። ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። አጎቴ ደጃፉ ላይ እንደቆመ «አፉ በይኝ እታለም» አላት።

«አፉ ብዬሃለሁ። አሁን ሂድ።»

እንዲህ ያለው አፉታ ከርግማን አይሻልም፤ አጎቴም ያውቃል። አልሄደም። ከቤቱ ግድግዳ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ፣ በሦስተኛውም ቀን። በሳንቃው ፊት ባለጉዳይ እየጠበቀው እሱ እኛ ቤት ነው። ለአንድ ቀን ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው ምንም አልተናገረም፤ ጠሃን ሳል ሲይዘው ብቻ ገብቶ ግንባሩን ይደግፍለታል፣ ያወጣውን ይጠርጋል። እናቴ ስትነግረኝ አንጀቷን የበላት ይህ ዝምታው ነው። በሦስተኛው ቀን ጠሃ ክንዱ ላይ ተኝቶለት ሳለ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«እታለም፣ ምን አየሽ?»

ምን ሰማሽ አላላትም። ስለዚህ ነገረችው።

በእኛ አገር ከምናለ መርፌ በፊትም ክትብ ነበር። አያቶቻችን ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቁስል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በመብጣት ያስገቡ ነበር። በዚያ የተከተበ ልጅ በሽታው ቀለል ብሎ ይወጣበታል፤ ለሰው እንዳያስተላልፍም አሥራ አራት ቀን በአንድ ቤት ይዘጋበታል። እናቶቹም ይህን ከእናቶቻቸው ሰምተዋል። ምናለ ሲከትብላቸው እንደ ጥንቱ መሰላቸው። የሰፈሩን አምስት የተከተቡ ልጆች ሰብስበው ፈንጣጣ ከዚህ በፊት የወጣባትን፣ ስለዚህም የማትፈራውን የድንቅነሽን ቤት አስገቧቸው። በሩን ዘጉ፣ ብርሃን እንዳይገባ ቀዳዳውን ወተፉ፣ ቀንና ሌት እሳት አነደዱ። ልጆቹ በዚያ ጭስ ውስጥ እንደ ጫጩት ተደራርበው ሁለት ሳምንት ተኙ።

«ዝጉ ያላችሁ ማነው?» አለ አጎቴ።

«ማንም። አትዝጉ ያለንስ ማነው?»

ምናለ የከተማ ልጅ ነው፤ የቆየውን ክትብ ከየት ያውቃል? እሷንም የጠየቃት የለም። አጎቴ በቤቱ ውስጥ ስንት ልጆች እንደነበሩ ጠየቃት። ስድስት አለችው። የተከተቡት ስንት ናቸው አላት። አምስት አለችው። ስድስተኛው የድንቅነሽ የልጅ ልጅ ነው፤ ከአጅባር በኩል እናቱ አምጥታ የጣለችው፣ ከታቢ ያላየው ልጅ።

«እሱስ ሳለ?»

«እሱማ ሲመጣም ያስል…» አለችና እናቴ አፏን ያዘች። ጠሃን አየችው። «ሲመጣም ያስል ነበር» አለች እንደገና፣ ለራሷ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ይዞ ወደ ገበያ ይሮጥ ነበር። የጥንቱ ሷሊህም ይሮጥ ነበር። አሁን ግን ተነሥቶ ድንቅነሽ ዘንድ ሄደ፤ እሷም ልጁ ሲመጣ እያሳለ እንደነበር አልደበቀችውም። ከዚያ የመምህራኑንና የፖሊሶቹን ቤት አዳረሰ። የእነሱ ልጆች በዚያው ሳምንት በዚያው መርፌ ተከትበው፣ ማንም ሳይዘጋባቸው በሜዳ ሲራገጡ የከረሙ ናቸው። አንዳቸውም ትክትክ አልያዛቸውም። መጨረሻ ላይ ምናለን ጠርቶ የተከተበ ልጅ ይዘጋበታል ወይ አለው። ምናለ ነገሩን ሲሰማ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። መዘጋት የለበትም፤ የሚለየው የሚያስለው ልጅ ነው።

በዚህ መሐል ፈንጣጣው ከእኛ ሰፈር የግማሽ ቀን መንገድ ወደምትሆን መንደር ደርሷል። ምናለ የሚቀረው አንድ ገበያ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ወደ ማሻ ይሄዳል። እኔ አልተከተብኩም። አጎቴ ያገኘውን ሁሉ ይዞ እናቴ ፊት ተቀመጠና አንድ በአንድ አስረዳት። በጥሞና ሰማችው።

«ገብቶኛል» አለችው። «ግን ጠሃን በዚህች እጄ ይዤ ሄጄ ነው ለዚህ የበቃው። ረምዚያን ለመውሰድ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ደግሞስ በየት በኩል ልሂድ? ባለፍኩበት ሁሉ ሕፃን እንኳ እየሳለ ያሳየኛል።»

«ምን ላድርግ?»

«በገበያ የወሰድከውን ድምፄን በገበያ መልስልኝ። ያን ጊዜ አመጣታለሁ።»

የገበያው ቀን ደረሰ። ጋዜጣው ሁለት ገበያ ዝም ብሎ ስለነበር ሰው ሳቅ ናፍቆት ወይራውን ከቦታል። ንጉሡም ጨውን ለሰው አስጠብቆ መጥቷል። አጎቴ ድንጋዩ ላይ ወጣ። «ገበያው ምን ይላል» አላለም። ጋዜጣም አልያዘም። ከሦስት ገበያ በፊት እዚሁ ቆሞ በአንዲት ሴት እንደሳቀ፣ ሴትዮዋ የገዛ እህቱ እንደሆነች፣ በአፏ ያስገባው ቃል የእሷ እንዳልሆነ ተናገረ። «የእሷን ቃል ሳልሰማ ነው ያወራሁት። አሁን ሰምቼ መጥቻለሁ» አለ። ከዚያም የእናቴን ድምፅ አወጣ።

ሳያጋንን፣ ሳይስል፣ እሷ እንደምትናገረው ዝቅ አድርጎ።

«ልጆቻችንን ያስከተብነው ወደን ነው። እናቶቻችን ሲያደርጉ እንደሰማነው አምስቱን አንድ ቤት አስገብተን ዘጋንባቸው። አንድ የሚያስል ልጅ አብሯቸው ነበር፤ መርፌ አልነካውም፣ ሲመጣም ያስል ነበር። በተዘጋ ቤት የአንዱ ትንፋሽ ለሁሉ ደረሰ። እኔ ያየሁት ይህን ነው። ጠሃ ሲያስለው ነፍሱ በእጄ ላይ ስትወጣና ስትገባ አይቻለሁ፤ ስለዚህ የሌላ ሴት ልጅ እንዲህ አይሁን። የተከተበውን አትዝጉበት። የሚያስለውን ለብቻው አስተኙት፣ በሩንም ክፈቱለት።»

ማንም አልሳቀም። እናቴ ከቅቤ ሻጮቹ ኋላ ቆማ ነበር። «የራሴን ድምፅ ከሰው አፍ ስሰማ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው» ትል ነበር፤ «የመጀመሪያው ገፈፈኝ፣ ይሄኛው አለበሰኝ።» አጎቴ ሐሰቱን አንድ ጊዜ እንኳ አልደገመውም። ከጀርባ አንድ ሰው ይህ ሁሉ እውነት ለመሆኑ ምስክሩ ማነው ብሎ ጮኸ። ድንቅነሽ በፈንጣጣ የተጎደጎደ ፊቷን ገልጣ ወደ ፊት ወጣች። አጎቴ ስሟን እንዳይጠራ ቀድሞ ቃል ገብቶላት ነበር፤ እሷ ግን ራሷ ተናገረች።

«በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው።»

ወቀሳ የወረወረባት አልነበረም። ብዙዎቹ ሴቶች እሷ ያደረገችውን በየቤታቸው አድርገዋል።

ያን ጊዜ እናቴ ሰዉን እየከፈለች መጣች። ምናለ ሣጥኑን ከወይራው ማዶ ዘርግቷል። ከጀርባዋ አወረደችኝና ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። «ረምዚያ፣ ክንድሽን አምጪ። አብሽሪ» አለችኝ፤ አይዞሽ ማለቷ ነው። አልቅሼ አገር አሸብሬያለሁ ይላሉ፤ የሚታመን ነው። አጎቴም አልቅሷል፤ ይህንን እሱ ሳይሆን ኋላ ደሴ ያገኘሁት ምናለ ነው የነገረኝ። ከኋላችን ሰልፍ ሆነ፤ ምናለ ማሻ መግባቱ በሁለት ቀን ዘገየ።

ሁሉም አልመጣም። እንቁ የልጅ ልጆቿን ያመጣችው አንዱ ፈንጣጣ ወጥቶበት ከዳነ በኋላ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ስታነሣው ትኖር ነበር። አጎቴም ከእሷ ጋር ዕድሜ ልኩን አነሣው። ወንድሜ ጠሃ መጋቢት ላይ ሳሉ ለቀቀው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ያዘለ ሽማግሌ ነው።

አጎቴ ይህን ሁሉ በጥሩ ጽሕፈት ጽፎ፣ የራሱን ስሕተት ከላይ አስቀድሞ ለጋዜጣው ላከ። አላተሙትም። ሦስት ጥጃ የወለደች ላም ብትሆን ያትሙት ነበር። እሱ ግን ቅጂውን ከኪታቦቹ መሐል አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ከወይራው ሥር ሲቆም «ማን አየ?» ብሎ የሚጀምር ሆነ። ያየ ሰው ካለ ወደ ፊት ወጥቶ በራሱ አፍ ይናገራል። የሰው ድምፅ ማውጣቱን ተወ። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ሰልችቶት ነበር፤ ቆይቶ ግን ለመደው። ከዚያ በኋላ በከላላ መንገድ «ጋዜጣው አለ» ማለት «አጣርቶታል» ማለት ሆነ።

እናቴ የሞተችው ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። እኔ ደሴ አስተምር ነበር፤ መርዶው ደርሶኝ የገባሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ለቀስተኛው ቀለል ሲል፣ ከሰዓት በኋላ፣ አጎቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ ዓይኑም ደክሟል። አንድ ነገር አስፈርቶኝ ነበር። ፊቷን አስታውሳለሁ፣ እጇን አስታውሳለሁ፤ ድምፅዋ ግን በሦስት ቀን ለቅሶ ውስጥ ጠፍቶብኛል። ብፈልገው ብፈልገው አልመጣ አለኝ።

«እናቴን አሰማኝ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ያንን እንደተወ፣ ያለ ፈቃዷ አፉን እንደማይከፍት ነገረኝ።

«አርባ ዓመት የውርስ ማመልከቻ ስትጽፍ አልኖርክም?» አልኩት። «ወራሿ እኔ ነኝ። ፈቅጃለሁ።»

ሳቅ አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያም ከሽማግሌው አፍ እናቴ ወጣች፤ የደከመችው አሮጊት ሳትሆን ገና ወጣቷ፣ እኔ ሰምቻት አስታውሼ የማላውቃት።

«ረምዚያ፣ ክንድሽን አምጪ። አብሽሪ።»

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁ።